ክር ያለው ሻይ

ሽታው የደረሰኝ ገና በር ላይ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም ነበር። ልጄ ሐያት ወልቂጤ ነው የምትኖረው። ከባሏ ጋር ከቤታቸው ጀርባ ሁለት ክፍል በብሎኬት ሠርተው ሻይ ያሽጋሉ። ቅጠሉን በጆንያ ይገዙና ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውን፣ የሎሚ ልጣጩን፣ ኮሰረቱን እያደረቁ ይቀላቅሉበታል። ከዚያ በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ይሞሉትና ክር አስረው በካርቶን ያደርጉታል። አዲስ ቅይጥ ባወጡ ቁጥር እኔን ከቡታጅራ ያስመጡኛል። «ያለ አንቺ ምላስ አይሸጥም» ትለኛለች። ልታስደስተኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄን ለማየት ሰበብ ስለሚሆነኝ ግን አልሐምዱሊላህ ብዬ እመጣለሁ።

መምጣቱ ለእኔ ቀላል አይደለም። ፈሪ ሴት ነኝ። ሾፌሩ እየነዳ ስልክ ሲያነሳ እፈራለሁ። መንገድ ላይ ሰው እጁን ዘርግቶ መኪና ሲያስቆም፣ ፈታሽ እንደሆነ እያየሁም እፈራለሁ። በእንሴኖና በቆሼ በኩል ሰላም ራቀ በተባለበት ሰሞን እኛ ሰፈር ምንም አልደረሰም፤ እኔ ግን ዐስር ሰግጄ ሳልጨርስ በሬን እዘጋ ነበር። ልጆቼ «እማዬ ጥላሽን ትፈሪያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ወሬ አላበዛም።

ሐያት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ብርጭቆዎቹን ደርድራ ጠበቀችኝ። በየብርጭቆው አንዳንድ ከረጢት አለ፤ ክሩ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። የፈላ ውሃ ቀዳችበት፣ በስልኳ ደቂቃ ያዘች። ከጠረጴዛው ሥር ባልዲ አስቀምጣለች። አዲስ አበባ ሄዳ ሻይ እንዴት እንደሚቀመስ ተምራ መጥታለች፤ ሥርዓት አለው።

«እማዬ፣ ማንኪያውን ከአፍሽ አስጠግተሽ ሳቢው። ድምፅ ይኑረው።»

«ድምፅ አታሰሚ እያልኩ ነው ያሳደግኩሽ።»

«እሱ እንግዳ ፊት ነው። ይሄ ሥራ ነው። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ትፊው።»

«ሻይ አልተፋም።»

«ይሄን ሁሉ ከዋጥሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

«አይውሰደኝ።»

ሳቀች። ባሏም ከወዲያ ክፍል ሲስቅ ሰማሁት። ዝንጅብሉን ቀመስኩ። «ዝንጅብሉ ሻዩን ውጦታል፤ ለጉንፋን ካልሆነ ሰው አይደግመውም» አልኳት። ኮሰረቱን ቀመስኩ። «ይሄ ቅቤ ማንጠሪያ ነው። ሰው ሻይ እየጠጣ ክትፎ ያስባል።» «እንግዲህ ጉራጌ አይደለን፣ ያስብ» አለች። ቀረፋውን ወደድኩት። የሎሚው ልጣጭ ሳይደርቅ እንደታሸገ፣ ትንሽ ሻጋታ እንዳለው ነገርኳት፤ ፊቷ ጠቆር አለ፤ አነሳችና ለብቻው አስቀመጠችው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለውን ብርጭቆ ወደ እኔ ሳበች። በር ላይ የደረሰኝ ሽታ የእሱ ነበር። ብርቱካን ይመስላል፣ ግን ብርቱካን አይደለም። አበባም ይሸታል፣ ሳሙናም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤርጋሞት ይሉታል። የብርቱካን ዘመድ ነው። ዘይቱን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣነው።» ማንኪያዋን አነሳች።

«ቆይ» አልኳት። እጇን ያዝኩት።

እኔ ልጅ ሳለሁ ቡታጅራ አስፋልት አልነበራትም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶብስ ከሩቅ የሚታወቀው በአቧራው ነው። አቧራው ሲነሳ እናቴ ማንቆርቆሪያውን ወደ ፍሙ ታስጠጋለች፤ ተሳፋሪው ወርዶ ልብሱን እስኪያራግፍ ሻዩ ይደርሳል። ሻይ ቤታችን አውቶብሱ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ነበረች። በሯ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ከታች እግር እየመታው ተልጧል። በሩ ላይ ሲቆሙ በአንድ በኩል ዘቢዳር ተራራ ደመናውን ለብሶ ይታያል፣ በሌላ በኩል የዱቄት ብናኝ የለበሱ ሴቶች ከወፍጮ ሲወጡ። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፣ ቦምቦሊኖ በአምስት። ዛሬ ያንን ሳንቲም ለሕፃን ብትሰጪው መጫወቻ ይመስለዋል። ስኳር በቀበሌ በተራ ይታደላል፤ ሲያልቅ ሰው ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ሻዩን በላዩ ላይ ይልከዋል። አንዱን ከረሜላ ለሁለት ብርጭቆ የሚያብቃቃ ሰው ነበር፤ ጥበበኛ ይባል ነበር። ከእኛ ጎን ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንዱን ካሴት ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። ካሴቱ ሲያረጅ ዘፋኙ የሚያለቅስ ይመስላል። እኛ ሴቶች ልጆች ኮንጎ የሚባል የላስቲክ ጫማ እናደርጋለን። በፀሐይ ያቃጥላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፤ የነበረን ግን እሱ ነው፤ አዲስ ሲገዛልን አብረነው እንተኛ ነበር።

አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ቤቱን የያዙት እናቴ ዘይነባና ወንድሜ ኑሪ ናቸው። እኔ ራህመት ገና ሻሽ ማሰር የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ፤ አስተናግዳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ኑሪ በረንዳው ላይ በመኪና ልብስ ይሰፋል። ቦላሌ ሱሪው ከታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል፤ ራሱ ነው የሰፋው። ጎፈሬው ከጆሮው አልፎ ወርዷል። ሚዶው ከኋላ ኪሱ ጠፍቶ አያውቅም።

«ይሄ ጠጉር ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች» ትለዋለች እማ።

«እንቁላሉን ቀቅለሽ ትሸጪዋለሽ» ይላታል፤ መኪናውን ሳያቆም። ከካሴቱ ጋር አብሮ ይዘፍን ነበር። ድምፅ አልነበረውም። ያም ሆኖ ተሳፋሪ ሻዩን ይዞ ወደ እሱ ዞሮ ይቀመጣል።

አሁን ስለ አንድ ደንበኛችን። ስሙን አልጠራም፤ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉት። ሰው «ካኪው» ይለው ነበር፣ በሹክሹክታ። ካኪ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ብቅ ይላል። በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ጫማው ያበራል። ከተማውን የሚያዘው እሱ ነበር፤ ማን እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚፈታ የሚያውቀው እሱ ነው። ውጭ አገር ተምሮ እንደመጣ ይወራል። ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂውን በር ላይ አቁሞ ይገባና ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሲገባ ካሴቱ ራሱ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

በአገራችን መጠጥ ያቀረበ ሰው ቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳው ልቡ እንዲያርፍ። ያ የድግስ ወግ ነው። ሻይ ላይ ማንም አድርጎት አያውቅም። ካኪው አመጣው። መጀመሪያ የመጣ ቀን ብርጭቆውን ፊቱ ሳስቀምጥ አልነካውም።

«ነይ አንቺ ልጅ። ቅመሺና ስጪኝ።»

የብርጭቆው ማስቀመጫ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ ጠጣሁ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ መልስ አይደለም። ምን በዝቶበታል? ምን ጎድሎታል?»

እማን አየኋት። እማ ፍሙን ታያለች። «ቅርንፉድ በዝቶበታል» አልኩ። በአፍንጫው ሳቀና ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዳኛዬ» ይለኝ ጀመር። «ዳኛዬ፣ ነይ ፍረጂ።» እፈርዳለሁ። ቀረፋው ያረጀ ነው፤ ቅጠሉ እሳት ላይ ቆይቷል፤ ማንቆርቆሪያው ኮሶ ይሸታል፣ ዛሬ በአመድ አልታጠበም። ሰው ካኪው የወደደኝ መሰለው። ጎረቤቶች «ራህመት ታድላለች፣ ካኪው ያጫውታታል» አሉ። እኔ ግን ለምን እንደሚያስቀምሰኝ ገብቶኛል። ክፉ ነገር ቢኖርበት ቀድሜ የምወድቀው እኔ ነኝ። ምላሴን ያስተማረው ያ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆዴን አዳምጬ፣ ምንም እንደሌለ አረጋግጬ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ወጣት የሆነ ሁሉ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከእርሻ እየተያዘ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። ኑሪ ለስፌቱ ክር ሊገዛ ገበያ እንደወጣ አልተመለሰም። በስፌት መኪናው ላይ ግማሽ የተሰፋ ሸሚዝ ነበር፤ እማ ማንም እንዳይነካው አለች፣ እንደተቀመጠ ቆየ። የተያዙትን መኪና እስኪመጣ ድረስ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ዘጉባቸው። እማ በየቀኑ ምግብ ታደርሳለች። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ ማን እንደበላው አናውቅም። ከዚያ በፊት ተጭነው የሄዱ ነበሩ። ከድሬዳዋ ጨርቅና ሳሙና እያመጣ የሚነግደው ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ አንድ ልጅ ነበረው፤ እሱም ተጭኖ ነበር፤ ሳይቆይ መርዶው መጣ። ጋሽ ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ካኪው ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም፣ ሰላም አይልም። ሰው ሁሉ ይፈራለት ነበር።

ካኪው ግን እኛ ቤት መምጣቱን አልተወም። ወንድሜን አስሮ ሻያችንን ይጠጣል። እማ አንድ ቀን ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች።

«ጌታው፣ ኑሪ አባት የለውም። እኔም ሌላ ወንድ የለኝም።»

«ሁሉም እናት አለው» አለ። ቀጥሎ ብርጭቆውን ዳሰሰ። «ሻዩ ቀዝቅዟል።»

እማ ሻዩን አሞቀችለት።

መኪናው በማግስቱ እንደሚመጣ በተሰማበት ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጋሽ ሸምሱ በጓሮ በር ሲወጣ አየሁት። አላየኝም። እማ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ማንቆርቆሪያው ፍም ላይ ነው፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። በርጩማው ሥር ትንንሽ የተቀደዱ ነጭ ወረቀቶች ተከምረዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት አውቃለሁ። በገበያ የአይጥ መርዝ የሚሸጡት ዱቄቱን እንዲህ ባለ ወረቀት ነው የሚጠቀልሉት። ከጨርቁ ሥር ያ ሽታ ይወጣል፤ የብርቱካን፣ የአበባ፣ የሳሙና። በቤታችን እንዲህ ያለ ሻይ ፈልቶ አያውቅም። ቀረፋ የለው፣ ቅርንፉድ የለው።

«ዛሬ ይለይለታል» አለች እማ በጉራጊኛ። ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ ነው።

ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። በእኛ ቤት ልጅ አይጠይቅም ነበር። ዘጋሁት። ያኔ የጠባቂውን ቦት ጫማ በረንዳው ላይ ሰማሁ።

ካኪው ገብቶ ተቀመጠ። እማ ብርጭቆውን በማስቀመጫው አድርጋ ሰጠችኝ። እጇ እጄን ሲነካው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከጓዳ እስከ ጥጉ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ካሴቱ ይዘፍናል። ከወፍጮ ቤቱ ሴቶች ሲስቁ ይሰማል። ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሞተው።

«ዳኛዬ፣ ዛሬ ዘገየሽ።»

«ሻዩ ትኩስ ነው።»

«ፍረጂ።»

ማስቀመጫው ላይ ጠብ አደረግኩ። ቢስሚላህ አልኩ በልቤ፣ ቀጥዬ ሸሐዳዬን። አልጠጣም ብል እናቴ አለቀላት። ብጠጣና ጥሩ ነው ብለው እሱ ይጠጣል፤ ያኔም እናቴ አለቀላት። ብደፋው ሌላ ያስቀዳል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ማስቀመጫውን ወደ አፌ እስካነሳ ነው። ጠጣሁት። መራራ ነበር፣ መዓዛው አፍንጫዬ ውስጥ ወጣ።

«እንዴት ነው?»

«ይጠጣል» አልኩ።

«ይጠጣል ብቻ? ዛሬ ምነው ፍርድሽ አጠረ?» ብርጭቆውን ሳያነሳው በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «እንግዲያው ጠጪው።»

አነሳሁት። አንዴ ጎነጨሁ፣ ደግሜ ጎነጨሁ። በግድ አወረድኩት። ጠባቂው ከበሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ያየኛል። ገና ግማሽ ሳልደርስ ከኋላዬ የእማ እጅ መጥቶ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደ።

«ልጅ ናት፣ ይበዛባታል» አለች። «የቀረውን እኔ ልጨርሰው ጌታው። ሻይ አይጣልም።»

ቆማ ጠጣችው፣ እስከ ታች። ብርጭቆውን ገልብጣ አሳየችው። ከዚያ ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ካኪው እጅ ሰዓቱን አየ። እኛን አየ። እኔ ሆዴን አዳምጣለሁ። ትንሽ ቁርጠት የመጣ ይመስለኛል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እማ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ትንፋሿን እጠብቃለሁ፣ ሲመጣ ሌላውን እጠብቃለሁ። ካሴቱ አልቆ ተንጣጣ፤ ሰው መጥቶ ገለበጠው፤ ሁለተኛው ገጽ ጀመረ። እኛ እዚያው ነን።

«ዘይነባ» አለ ካኪው። «ከምን አፈላሽው?»

እማ ተነስታ ከጓዳ ቆርቆሮ ሳጥን አመጣች። መርከብ ተስሎበታል፤ የፈረንጅ ጽሑፍ አለው። ካኪው አገላብጦ አነበበ። ከፈተው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ለአንድ አፍታ ሌላ ሰው መሰለኝ፣ ሩቅ ያለ ሰው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከመንገደኛ ነጋዴ» አለች። የጋሽ ሸምሱን ስም አላነሳችም።

«ከረጢቶቹስ?»

አልገባትም። በጣቶቹ ትንሽነታቸውን አሳያት። እማ ሄዳ የተቀደዱትን ነጭ ወረቀቶች በእፍኟ ይዛ መጣች። ካኪው አያቸውና ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ቀደድሻቸው? ከነወረቀቱ እኮ ነው የሚነከረው። ወረቀቱ ማጥለያው ነው። ክሩ መያዣው ነው፣ በክሩ ይነክሩታል፣ በክሩ ያወጡታል። ቀደሽ አፍልተሽው ነው እንዲህ የመረረው። ክሩንስ ምን አደረግሽው?»

«ክሩን አልጣልኩትም ጌታው» አለች እማ። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። አጫጭሮቹን ክሮች አንዱን ካንዱ ቀጥላ በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልላቸዋለች። «ለኑሪ ነው ያስቀመጥኩት። ክር ሊገዛ እንደወጣ ነው የቀረው። ሲመለስ ይሰፋበታል።»

ካኪው ሳቁን አቆመ። ክሩን አየ። እማም አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ የያዘችውን ነው ያሳየችው። የተናገረችውም እውነቷን ነው፤ እናቴ ክር አትጥልም ነበር። ካኪው ሳጥኑን እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ሻይ ሳይጠጣ ወጣ። ያንን አድርጎ አያውቅም።

ያን ቀን እማና እኔ ሻይ ቤቱን በጊዜ ዘጋን። ካኪው ይቆጣ፣ ይራራ አላወቅንም። በማግስቱ መኪናው መጣ። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆመን ሲያልፍ አየን፤ ልጆቹ ተጨናንቀው ቆመዋል፣ ሁሉም ጠጉራቸው ተላጭቷል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እማ «ኑሪ» ብላ ጠራች። ማንም አልዞረም። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ራሱን የተላጨ ልጅ በረንዳችን ላይ፣ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ግማሽ የተሰፋውን ሸሚዝ ያያል። እኔ አላወቅኩትም። እማ አወቀችው።

በሻዩ ይሁን፣ በክሩ ይሁን፣ በእማ ዱዓ ይሁን አላውቅም። ሌሎችም እናቶች ዱዓ አድርገዋል። ይህን ሳስብ ዛሬም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማመሰግነው። ኑሪ በዚያ ክር የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ ሰፋበት። ደካማ ክር ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተበጠሰ። ካኪው ተመልሶ መጣ፣ ሻዩንም በየቀኑ አስቀመሰኝ፤ «ዳኛዬ» ማለቱን ግን ተወ። ከዚያ ጊዜው ተለወጠና አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። እኔ ከሰዓት በኋላ ቦት ጫማ በሰማሁ ቁጥር ሆዴን መያዝ አልተውኩም።

እናቴን ለብዙ ዓመት አልጠየቅኳትም። ታማ በተኛችበት ጊዜ፣ አንድ ቀትር ላይ ውሃ ሳጠጣት ራሷ አነሳችው።

«ራህመት፣ ያን ቀን ሻዩ ምን እንዳለበት እኔም አላውቅም ነበር።»

ማንኪያውን አቆምኩ።

«ሸምሱ ነው ያመጣው። ካኪው ውጭ አገር ሳለ የለመደው ነው፣ ልቡን ያራራልሻል አለኝ። ተቀበልኩት። ሽታው ሲወጣ ነው የሸምሱ ልጅ ትዝ ያለኝ። በእኔ እጅ ካኪውን ሊገድል ቢሆንስ አልኩ። ልደፋው ስነሳ ካኪው በር ላይ ነበር፤ ሌላ የማፈላበት ጊዜ አጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠጣሽው?»

«አንቺ ጠጥተሽ ነበራ» አለች። ውሃዋን ጠጣች። ጋሽ ሸምሱም አላህ ይዘንለት፤ ለልጁ ያልሆነለትን ለኑሪ ሊሞክር እንጂ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ይህን ያወቅነው ግን ሁላችንም ከፈራን በኋላ ነው።

«እማዬ» አለች ሐያት። «እየቀዘቀዘ ነው። እጄን ልቀቂኝ።»

ለቀቅኳት። ውጭ ባጃጅ ያልፋል። ባሏ በወዲያ ክፍል ካርቶን ያጣጥፋል። ሐያት ማንኪያዋን ወደ ብርጭቆው ስትሰድ ብርጭቆውን አነሳሁት።

«እኔ ልቅደም።»

«እሺ፣ ግን ይሄን እንኳ ትፊው። መጨረሻው ነው፣ ብዙ ጠጥተሻል።»

ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁት፣ እስከ ታች። ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ፤ አላየሁትም። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«እንዴት ነው?»

«ትንሽ ቆዪ።»

«ምን እንጠብቃለን?»

«ምንም። ቆዪ ብቻ።»

ዘይቱን እሷ ናት በእጇ የገዛችው፤ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠጣው ነው፤ ይህንንም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሆዴን አዳመጥኩ። ባጃጁ ራቀ፣ ሌላ መጣ። ምንም የለም። አልሐምዱሊላህ።

«አሁን ቅመሺ» አልኳት።

ያንኑ ቅይጥ በሌላ ብርጭቆ ነከረች፣ በማንኪያ ሳበች፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ልትተፋ ባልዲውን ሳበችና ተወችው። ዋጠችው።

«ጥሩ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ይጠጣል።»

«ለኮሰረቱ ይሄን ሁሉ ተናግረሽ፣ ለዚህ ይጠጣል ብቻ?»

«ይጠጣል ካልኩ ይጠጣል። ሽጪው።»

የቀዘቀዙትን ከረጢቶች እየሰበሰበች ወደ ባልዲው ትጥል ጀመር። አንዱን ከእጇ ወሰድኩ። ክሩን ፈትቼ በጣቴ ላይ ጠቀለልኩት፤ ነጭ ነው፣ ያንኑ ይመስላል። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

«ደግሞ ክሩን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ወንድሜ ይፈልገዋል» አልኩ።

ሐያት ሳቀች። አጎቷ ኑሪ ዛሬ አያት ነው፣ መርፌ መያዝ ከተወ ቆይቷል፣ ጎፈሬውም በራሱ ጊዜ ጥሎት ሄዷል። ቀልድ መሰላት። እኔም ሳቅኩ። በሕይወት ስላለ ነው እንዲህ የምለው።